ሃርድዌር ሎክ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ «ሃርድዌር ሎክ ማለት ጠንካራ ፓስወርድ ነው፤ ማስከፈት የሚፈልገውም ሌባ ብቻ ነው» ሲል ሰማሁት። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለችኝ ጠባብ ክፍል የስልክ ቦርድ ስጠግን የምውል ሰው ነኝ። ይህንኑ ነገር ከደንበኞቼም እሰማለሁ፤ እስካሁን ሳልናገር አልፌዋለሁ። ግን ፓስወርድም አይደለም፣ የሌባ ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ ሁለቱም ስህተቶች ሰውን ገንዘብ እያስወጡት ነው።

መጀመሪያ ከሌሎቹ ልለየው። ውጭ አገር ካለ ኦፕሬተር ጋር ታስሮ የመጣ ስልክ የኔትወርክ ሎክ ነው፤ ዲኮድ የምናደርገው እሱን ነው። የቀድሞ ባለቤቱ አካውንት የያዘው ደግሞ ሌላ ነው፤ መዝገቡ ያለው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ ሪሴት ያድርገው፤ በራሳችሁ አካውንት ሳትገቡ ብር አትክፈሉ።

ሃርድዌር ሎክ ከሁለቱም በታች፣ ስልኩ ዕቃ ውስጥ አብሮ የተሠራ መቆለፊያ ነው። ስልኩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው አንድሮይድ አይደለም። ዋናው ቺፕ ውስጥ ፋብሪካ ላይ የተቀረጸች ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ ቡት ሮም ትባላለች። ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ አምራቹ ራሱ እንኳ አይቀይራትም። ሥራዋ ቀጥሎ የሚነሳውን ሶፍትዌር ማህተም (አምራቹ በምስጢር ቁልፉ የሚያኖረውን ዲጂታል ፊርማ) ማየት ነው፤ ማህተሙ ትክክል ከሆነ ታሳልፈዋለች፣ ካልሆነ ታቆመዋለች።

የግቢ ዘበኛ አስቡ። ሲቀጠር የአንድ ማህተም ቅርጽ ተሰጥቶታል። ያ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ የያዘ ይገባል፤ ያልያዘ የቤቱ ባለቤት ቢሆንም አይገባም። ካርታውን ብታሳዩት ካርታ ምን እንደሆነ አያውቅም። ብትፈትሹት ማህተሙን አታገኙበትም፤ እሱ የተሰጠው ቅርጹን ብቻ ነው። ማህተሙ ቤቱን የሠራው ሰው ካዝና ውስጥ ነው ያለው። «ውስጡ ያለውን ፓስወርድ አውጣልኝ» ስትሉኝ አልችልም የምለው ሰንፌ አይደለም። የሚወጣ ነገር የለም። ዘበኛውን አሰናብቶ ሌላ መቅጠርም አይቻልም፤ ከግንቡ ጋር አብሮ ተገንብቷል።

የማህተሙ ቅርጽ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ኢፊውዝ ላይ ነው። ኢፊውዝ ቺፑ ውስጥ ያለ፣ ኤሌክትሪክ አንዴ ተለቅቆበት የሚቃጠል ቀጭን መስመር ነው። የቤት ፊውዝ ሲቃጠል ቀይረን እንቀጥላለን፤ ይሄኛው አይቀየርም። ሳምሰንግ ጋላክሲ ላይ ኖክስ የሚባለው ጥበቃ እንዲህ ያለ ፊውዝ አለው፤ የኩባንያው ማህተም የሌለው ሶፍትዌር ሲጫን ይቃጠላል። ከዚያ ኦርጂናሉን መልሳችሁ ፍላሽ ብታደርጉት (ብትጭኑት) እንኳ የክፍያ አፑ ሳምሰንግ ፔይ እና የምስጢር ማስቀመጫው ሴኪዩር ፎልደር አይመለሱም። «ግድ የለም፣ ካልወደድከው ትመልሰዋለህ» ብሎ ፍላሽ የሚያደርግላችሁን ሰው ይህንን ቀድማችሁ ጠይቁት።

የማይቀየር ነገር አይታረምም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ከአይፎን 4ኤስ እስከ አይፎን ኤክስ ባሉት ቡት ሮም ላይ ቼክሜት የተባለ ቀዳዳ ይፋ ሆነ። አፕል በአፕዴት ሊደፍነው አልቻለም፤ እነዚያ ስልኮች እስኪጣሉ ድረስ ከነቀዳዳቸው ነው የሚኖሩት።

ወደ ሌባው ልመለስ። ዘበኛ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ከተንታኙ ጋር አልጣላም። ማህተም ባይታይ ኖሮ ስልካችሁን ለግማሽ ሰዓት ያገኘ ሰው ከሥር ሰላይ ፕሮግራም ተክሎ ይመልስላችሁ ነበር። ግን ወንድሜ፣ ጥያቄው ዘበኛ ይኑር አይኑር አይደለም፤ ማህተሙ ማን እጅ ላይ ነው የሚለው ነው። ጉግል ፒክስል ላይ ባለቤቱ ቡትሎደሩን (ከቡት ሮም ቀጥሎ ተነስቶ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ከፍቶ፣ የራሱን ማህተም ቅርጽ አስመዝግቦ፣ መልሶ መቆለፍ ይችላል። የመጀመሪያው በር ላይ አሁንም የጉግል ማህተም ነው የሚታየው፤ ሁለተኛው በር ላይ ግን የባለቤቱ ማህተም ያልፋል፤ ስልኩም በበራ ቁጥር ሲስተሙ ሌላ መሆኑን ያስጠነቅቃል። ጥበቃው ሳይነሳ ባለቤትነት ተከበረ ማለት ነው። ስለዚህ «ወይ ደህንነት ወይ ባለቤትነት» የሚለው ምርጫ ከቴክኒኩ የመጣ አይደለም፤ ኩባንያዎች የወሰኑት ነው። (ቡትሎደር ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ፎቶዎቻችሁን ቀድማችሁ አውጡ። ብዙ የባንክ አፖችም ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ላይ አይሠሩም። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልከው፣ ከኦፕሬተር የተገዛ ፒክስል ደግሞ ጭራሽ ላይከፈት ይችላል።)

ሶፍትዌር ብቻ ሳይሆን መለዋወጫ ዕቃም ከቦርዱ ጋር እንዲህ ይታሰራል። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት የጣት አሻራ ቁልፉ የተሰበረ ስልክ ይዞ መጣ። ሞዴሉ አንድ የሆነ፣ ስክሪኑ የሞተ ሌላ ስልክ መደርደሪያዬ ላይ ነበረኝ። ቁልፉን ነቅዬ ገጠምኩለት፤ ሲጫኑት ይሠራል፣ ጣት ግን አያነብም። አውጥቼ ወደነበረበት መለስኩትና የሞተውን ስልክ በሌላ ስክሪን አበራሁት፤ እዚያ ያነባል። ዕቃው ጤነኛ ነው። ቦርዱ የሚያውቀው ከፋብሪካ አብሮት የተመዘገበውን ቁልፍ ብቻ ነው። አሻራ ላይ ለዚህ ምክንያት አለ፤ የተቀየረ ሴንሰር አሻራ ሊሰርቅ ይችላል። ባትሪና ስክሪን ላይ ግን ይህ ምክንያት ሲነገረኝ አልቀበልም። ባትሪ ምን ምስጢር ይሰርቃል?

እ.ኤ.አ. በ2016 ከአፕል ውጭ የተጠገነ የሆም ቁልፍ (አሻራ የሚያነበው) የነበራቸው አይፎን 6 ስልኮች አፕዴት ሲደረጉ «ኤረር 53» ብለው ሞቱ። አፕል ይቅርታ ጠይቆ የሚያነሳቸው አፕዴት ለቀቀ፤ በጉዳዩ የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት በ2018 ዘጠኝ ሚሊዮን የአገሪቱን ዶላር ቀጣው። በ2021 አይፎን 13 ሲወጣ ደግሞ ስክሪኑ ከተቀየረ ፌስ አይዲ (ስልኩን በፊት መክፈቻው) ይጠፋ ነበር፤ ጩኸቱ ሲበረታ አፕል ተወው። የአሜሪካዋ ኦሪገን በ2024 ባወጣችው ሕግ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በኋላ በሚመረቱ ዕቃዎች ላይ እንዲህ ያለውን ማሰሪያ ጥገናን ለመከልከል መጠቀም ከልክላለች።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕግ እስኪመጣ አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ ስክሪን ሲሰበር አሮጌውን አትጣሉ፣ ይዛችሁት ኑ። በአንዳንድ ሞዴሎች ከቦርዱ ጋር የተመዘገበችው ከምስር ፍሬ የማትበልጥ አይሲ (ትንሽ ቺፕ) ስክሪኑ ላይ ናት። በማይክሮስኮፕ ሥር አንስቼ አዲሱ ላይ እተክላታለሁ። ሙቀቱ ትንሽ ካለፈ ትሞታለች፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ይሳካል አልልም፤ አሮጌውን ሳትይዙ ከመጣችሁ ግን የምሞክረውም የለኝም።