የሉናር ኦርቢተር የጨረቃ ምስሎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1966 እስከ ኦገስት 1967 ባለው ጊዜ ሉናር ኦርቢተር የተባሉ አምስት ሰው አልባ መንኮራኩሮችን ወደ ጨረቃ ልኳል። አምስቱም ምሕዋር ውስጥ ገብተው 99 በመቶ የሚሆነውን የጨረቃ ገጽ ፎቶ አነሡ፤ ዋና ተልእኳቸውም የአፖሎ ጠፈርተኞች በሰላም ሊያርፉበት የሚችሉትን ሜዳ መፈለግ ነበር። ምስሎቹ በሂዩስተን የሚገኘው የጨረቃና የፕላኔቶች ተቋም እና የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ባዘጋጇቸው ዲጂታል ክምችቶች አማካይነት ዛሬ ማንም ሰው ሊያያቸው ይችላል። ሆኖም ምስሎቹ በምን መንገድ እንደ ተገኙ ሳያውቅ የሚከፍታቸው ሰው በምስሉ ላይ ያየውን ሁሉ ጨረቃ ላይ ያለ ነገር አድርጎ መውሰዱ አይቀርም፤ ከሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩትም ከዚሁ ነው።

«በምስሎቹ ላይ የሚታዩት መስመሮች ምስሉ ተቆራርጦ እንደ ተቀጣጠለ ያሳያሉ።»

በእርግጥም ተቆራርጦ ተቀጣጥሏል፤ ነገር ግን አንዳች ነገር ለመደበቅ ተብሎ አይደለም። ኮዳክ የሠራው ካሜራ 610 ሚሊ ሜትር እና 80 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ባላቸው ሁለት ሌንሶች በ70 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ያነሣ ነበር። መንኮራኩሩ ወደ ምድር ስለማይመለስ ፊልሙ እዚያው ምሕዋር ላይ መታጠብ ነበረበት፤ ይህም የሚሆነው በማጠቢያ ኬሚካል የራሰ ሌላ ጥቅል ፊልሙ ላይ ተጭኖ እንዲቆይ በማድረግ ነው። ከዚያም ውፍረቱ አምስት ሺሕኛ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ የብርሃን ነጥብ በታጠበው ፊልም ላይ እየተመላለሰ ድምቀቱንና ጨለማውን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ ምልክቱንም በካሊፎርኒያው ጎልድስቶን፣ በማድሪድ እና በአውስትራሊያው ዉሜራ የነበሩ ጣቢያዎች ይቀበሉታል። በሁለቱ ሌንሶች የተነሡትን አንድ ጥንድ ምስሎች አንብቦ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር።

ምድር ላይ የደረሰው ምልክት በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ በቀጫጭን ሰቆች ተቀርጾ፣ ሰቆቹ ጎን ለጎን ተደርድረው አንድ ምስል ይሆናሉ። መስመር ሆኖ የሚታየው የሁለት ሰቆች መጋጠሚያ ነው። በአንድ ሰቅ ውስጥም የብርሃኑ መጠን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል ስላልነበረ፣ ሰፊ ሜዳ የሚያሳይ ምስል ከሩቅ ሲታይ እንደ ታረሰ ማሳ ፈር የወጣበት ይመስላል። ስለዚህ ከመጋጠሚያው ጋር ትይዩ የሆነ «ቀጥ ያለ ግንብ» ወይም «መንገድ» ያገኘ ሰው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ሰቁን ነው። በጠርዙ ላይ የሚታዩት የግራጫ ደረጃዎችና ከሁለተኛው ተልእኮ ጀምሮ ምስሉ ላይ የተበተኑት ትንንሽ መስቀሎችም ከጉዞው በፊት ፊልሙ ላይ የታተሙ መለኪያዎች ናቸው፤ የመስቀሎቹ ተግባር ምስሉ የቱ ላይ እንደ ተዛባ ማሳየት ነው። አረፋ ወይም ዳንቴል የሚመስሉት ነጠብጣቦች ደግሞ የራሰው ጥቅል ፊልሙን በደንብ ሳይነካው የቀረባቸው ቦታዎች ናቸው። በበኩሌ፣ «በራሪ አካል» ተብለው ከተሰራጩት የዚያ ዘመን የጨረቃ ምስሎች መካከል ስንቶቹ የእጥበት እንከን እንደ ሆኑ ማሰብ ያስገርመኛል።

«ሉናር ኦርቢተር 2 ጨረቃ ላይ ማማዎች አግኝቷል።»

ይህ ወሬ መነሻው በኖቬምበር 1966 በጸጥታ ባሕር (እንዲህ የሚባለው ውኃ የሌለበት የጨረቃ ሜዳ ነው) አካባቢ የተነሣ ምስል ሲሆን፣ በምስሉ ላይ ረጃጅምና ሹል ጥላዎች በእርግጥ ይታያሉ። ሹል ጥላ ግን ሹል ነገር መኖሩን አያረጋግጥም። ተልእኮዎቹ ፀሐይ ዝቅ ስትል ማንሣትን የመረጡት ሆን ብለው ነው፤ በቀትር ብርሃን ጥላ ስለማይኖር ለማረፊያ አደገኛ የሆኑ ጉብታዎችንና ጉድጓዶችን መለየት አይቻልም ነበር። ፀሐይ ከአድማስ 11 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስትል አንድ ቋጥኝ በለጥ ባለ መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ የቁመቱን አምስት እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ መሬቱ ወደ ጥላው አቅጣጫ ተዳፋት ከሆነማ ከዚያም ያልፋል። «ማማ» የተባሉትም ቋጥኞች ናቸው። ጉድጓዱ ጉብታ፣ ጉብታው ጉድጓድ ሆኖ የሚታያቸው ተመልካቾችም ጥቂት አይደሉም፤ እንዲህ ሲሆን ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሚመጣ አጣርቶ ምስሉን ማዞር ብቻ ይበቃል።

«የአፖሎን ባንዲራና መንኮራኩር በእነዚህ ምስሎች ማየት ይቻላል።»

አይቻልም። የመጨረሻው ሉናር ኦርቢተር ወደ ጨረቃ የተላከው በ1967 ሲሆን አፖሎ 11 ያረፈው በጁላይ 1969 ነው። ከዚያ በፊት ያረፈ ነገር ግን ይገኛል፤ በጁን 1966 በማዕበል ውቅያኖስ ያረፈችውን ሰርቬየር 1ን ሉናር ኦርቢተር 3 በፌብሩዋሪ 1967 አንሥቷታል። ሦስት ሜትር ያህል ቁመት ያላት ይህች መንኮራኩር በምስሉ ላይ አንዲት ብሩህ ነጥብና ከነጥቧ የሚወጣ ቀጭን ጥላ ብቻ ናት።

«ምስሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥራት ነበራቸው፤ የደበዘዙት ሆን ተብሎ የደበዘዙ ናቸው።»

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተልእኮዎች ከጨረቃ ወገብ ብዙ ሳይርቁ ዝቅ ብለው እየበረሩ በምርጥ ምስሎቻቸው አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ነገር ለይተዋል። አራተኛው ግን ከ2,700 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ሰፊ ካርታ የማንሣት ሥራ ስለ ተሰጠው የእሱ ምስል ዝርዝር ማነሱ የሚጠበቅ ነው። የሉናር ኦርቢተር 1 የቅርብ ምስሎች የተንሸራተቱ የሚመስሉት ደግሞ የመንኮራኩሩን እንቅስቃሴ ማካካስ የነበረበት መሣሪያ በትክክል ስላልሠራ ነው።

«ዋነኞቹ ቅጂዎች ጠፍተዋል ወይም ተደብቀዋል።»

እዚህ ላይ አንድ እውነት አለ፤ የካሜራው አሠራር ሳሞስ ከተባለው ምስጢራዊ የስለላ ሳተላይት ሥራ የተወረሰ በመሆኑ አመጣጡ ለረጅም ጊዜ በግልጽ አልተነገረም። ምስሎቹ ግን ያን ጊዜውኑ በጋዜጣ ወጥተዋል፤ ሉናር ኦርቢተር 2 ከ45 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ በአግድም ያነሣው የኮፐርኒከስ ጉድጓድ «የክፍለ ዘመኑ ምስል» ተብሎ ነበር። ከጣቢያዎቹ የተቀዱት 1,500 ያህል የማግኔት ቴፖችም አልጠፉም፤ የጠፉ ለመምሰል የተቃረቡት ቴፖቹን የሚያጫውቱት አምፔክስ ኤፍአር-900 ማሽኖች ናቸው። እነሱንም የናሳ ባልደረባ የነበሩት ናንሲ ኢቫንስ ለዓመታት በመኪና ማቆሚያቸው ውስጥ አቆይተዋቸዋል። ዴኒስ ዊንጎ እና ኪት ካውዊንግ የመሩት ቡድን በካሊፎርኒያው ኤምስ የምርምር ማዕከል ግቢ፣ ቀድሞ ማክዶናልድስ ምግብ ቤት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ማሽኖቹን ጠግኖ፣ በ2008 የመጀመሪያውን የታደሰ ምስል አወጣ። እሱም ምድር ከጨረቃ አድማስ በላይ የምትታይበት፣ ኦገስት 23 ቀን 1966 የተነሣው ምስል ነው። አፖሎ 8 በዲሴምበር 1968 ካነሣው ዝነኛ የቀለም ፎቶ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ይቀድማል።

«ከ2009 ወዲህ ኤልአርኦ ሁሉንም በተሻለ ጥራት ስላነሣ የቀድሞዎቹ አያስፈልጉም።»

ኤልአርኦ የተባለው አዲሱ መንኮራኩር በግማሽ ሜትር ጥራት ያነሣ ስለሆነ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ወደ እሱ ቢሄድ ትክክል ነው። የቀድሞዎቹ ግን የማረፊያ ሜዳዎቹን የሰው እግር ሳይረግጣቸው በፊት የነበሩበትን ሁኔታ ይዘዋል፤ አንድን ቦታ በሁለት የተለያዩ የፀሐይ ከፍታዎች ለማወዳደርም ያገለግላሉ። በክምችቱ ውስጥ ኤች የሚል ፊደል በ610 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ የተነሣውን የቅርብ ምስል፣ ኤም የሚለው ደግሞ በ80 ሚሊ ሜትሩ የተነሣውን ሰፊ ምስል ያመለክታል፤ ለጀማሪ በኤም አካባቢውን ለይቶ ወደ ኤች መግባት ይሻለዋል።