የስፖርት ካርድ፦ ለመሰብሰብ ወይስ ለማትረፍ?

የስፖርት ካርድ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ጠንካራ ወረቀት ነው። ከፊቱ የተጫዋቹ ምስል፣ ከጀርባው ብዙ ጊዜ የጨዋታ ታሪኩ አለ። በአሜሪካ በ1880ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ይወጣ ነበር። ፓኮው እንዳይጨማደድ ይደግፋል፣ ገዢም ይስባል። ኋላ ማስቲካ አምራቾች ወረሱት። ልጆች ይለዋወጡታል፣ በላስቲክ አስረው ኪሳቸው ይከቱታል። ብስክሌታቸው ሲሄድ እንዲንጣጣም ጎማው ሽቦ ላይ ይሰኩታል።

የድሮ ካርድ ውድ የሆነው አብዛኛው እንዲህ ተጎሳቁሎ በደህና የተረፈው ጥቂት ስለሆነ ነው። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ካሳተመው ውስጥ ዘግይቶ የወጣው ክፍል ገዢ አጣ። ከዓመታት በኋላ የኩባንያው ሠራተኛ ሳይ በርገር የተረፈውን በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ እንደደፋው ተናግሯል። የቤዝቦል ኮከቡ የሚኪ ማንትል ካርድ፣ ቁጥር 311፣ የዚያ ክፍል ነው። በ2022 እጅግ በደንብ የተያዘ አንድ ቅጂ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

በ1980ዎቹ ግን ሰው ነቃ። ካርቶን ሙሉ እየገዛ፣ ሳይከፍት ለነገ አስቀመጠ። ኩባንያዎቹም ያለ ልክ አተሙ። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር ደግሞ ብርቅ አይሆንም። ያ ዘመን ዛሬ «ጀንክ ዋክስ» ይባላል፤ ጀንክ ማለት የማይረባ ነው፣ ዋክስ (ሰም) የተባለው ደግሞ ካርዱ በሰም ወረቀት ይጠቀለል ስለነበር ነው። የዚያን ጊዜ ካርቶን ዛሬም በርካሽ ይገኛል።

በ1991 ፒኤስኤ የተባለው ካርድ መርማሪ ኩባንያ ከ1 እስከ 10 ደረጃ እየሰጠ ካርዱን በፕላስቲክ ማሸግ ጀመረ። ጥግ፣ ጠርዝ፣ ገጽታ፣ የምስሉ መሃል መያዝ ይታያል። ጥጉ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ ጭረት ብትኖር 10 ቀረ፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። እሽጉ ገዢን ከብዙ ማጭበርበር አድኗል። ካርዱን በጣት መንካትን ግን አስቀርቷል፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ኩባንያዎቹም ብርቅነትን ራሳቸው መፍጠር ያዙ። ፊርማ ያለበት፣ የማሊያ ቁራጭ የገባበት፣ አንድ ብቻ የታተመ ካርድ መጣ። በ2025 የቅርጫት ኳስ ኮከቦቹ ማይክል ጆርዳንና ኮቢ ብራያንት አብረው ያሉበት እንዲህ ያለ ካርድ ከ12.9 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ማንትልን በለጠ።

ባለሀብቱ የሚፈልገው ያችን አንዷን ነው። ሰብሳቢው ሙሉ ስብስብ ይፈልጋል። አልበሙ ላይ ባዶ የቀረችው ቦታ ብዙ ጊዜ ስሙን ማንም የማያስታውሰው ተቀያሪ ተጫዋች ናት፤ እሷን ፍለጋ ዓመታት ይዞራል።