ከጎርጎራ እስከ ድሬዳዋ፦ ስለ ጀልባና ባቡር ጉዞ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎንደር ስለ ጉዞ ሲነሳ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚለው ነው። ከአዘዞ በአውሮፕላን ለተነሳ ሰው አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በሽተኛ ለሚያደርስ ወይም ለቅሶ ለሚደርስ ሰው ፍጥነት ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በውሃና በሐዲድ ዝግ ብሎ ስለመጓዝ በከተማችን ከሚነገረው ብዙው ከእውነቱ የራቀ ነው።

«ጣና የባሕር ዳር ነው፤ ጎንደሬ ከጀልባ ምን አለው?»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ አባባል ነው። የሐይቁ ሰሜናዊ ወደብ ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ መንገዱም ከአዘዞ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ይወርዳል። ጎንደር ሳትቆረቆር ዐፄ ሱስንዮስ ከትመው የነበሩት በዚሁ ዳርቻ ሲሆን፣ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. መናገሻውን ወደ ጎንደር ቢያመጡም አፅማቸው ያረፈው በሐይቁ ላይ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። እቴጌ ምንትዋብም ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት በደቅ ደሴት ነው። ዳጋ ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ስለሆነ ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን ናርጋን አስቀድሜ እመክራለሁ። የፋሲልን ግንብ አይቶ ሐይቁን ሳይሻገር የሚመለስ ሰው ታሪኩን ከመካከሉ አቋርጦታል ብዬ አምናለሁ።

«የጀልባ ጉዞ የቱሪስት መዝናኛ ነው፤ ለእኛ ጊዜ ማባከን ነው»

ከጎርጎራ ባሕር ዳር ይመላለስ የነበረው የሕዝብ መርከብ ደልጊን፣ ቁንዝላን፣ ደቅንና ዘጌን እየነካ፣ ሌሊቱን ቁንዝላ አድሮ በማግስቱ የሚደርስ ነበር። ተሳፋሪውም በአብዛኛው ገበያተኛ፣ ካህንና ዘመድ ጠያቂ ነው፤ ለደሴት ነዋሪ ጀልባው መንገዱ ነውና። የዘጌ ቡናና ጌሾ በጆንያ ይጫናል፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ ከወንበር ሥር ትቀመጣለች፣ አጠገብዎ ያሉት እናት የቆሎ ቋጠሯቸውን ፈትተው «እንካ ልጄ፣ ዝገን» ይላሉ። ቆሎው ሳያልቅ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ወዴትና ለምን እንደሚሄዱ ተጠይቀው ይመልሳሉ፤ እርስዎም የእርሳቸውን ይሰማሉ። በሦስት ሰዓት የመኪና መንገድ ይህን ያህል ጨዋታ አይገኝም።

«ጣና ጥልቅ ስላልሆነ አያሰጋም»

ጥልቅ አለመሆኑ እውነት ነው፤ ጥልቀቱ እጅግ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ነፋስ የሚሮጥበት ሜዳ ሰፊ ነው፤ በሰፊና በማይጠልቅ ውሃ ላይ ደግሞ ሞገዱ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል። ጀልባ ነጂዎች በማለዳ መነሣት የሚወዱትም ከቀትር በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ነው። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ከሌለው ጀልባ ላይ አይሳፈሩ፤ መርከብ መኖሩንና የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከመነሣትዎ በፊት ጎርጎራ ያለ ሰው ይጠይቁ።

«ታንኳ ድሮ ቀረ» የሚሉም አሉ። አልቀረም። ደንገል ታስሮ የሚሠራው ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ባለቤቱ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ሲያደርቀው ዛሬም በዳርቻው ይታያል።

«ባቡር አዲስ ነገር ነው፤ ጎንደርም ስለማይደርስ አይመለከተንም»

ሐዲዱ ጎንደር አለመድረሱ እርግጥ ነው። አዲስ የሚባለው ግን የኤሌክትሪኩ መስመር ነው፤ የመጀመሪያው ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ከባድ ስለነበር ከግርጌው አዲስ ከተማ በቀለ፤ ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት የምትባለውም ለዚህ ነው። ለጉዳይ አዲስ አበባ የወረደ ጎንደሬ አንድ ቀን ጨምሮ ከለቡ ጣቢያ ቢሳፈር አይቆጨውም። ደጋው እያለቀ ሙቀቱ በመስኮት እየገባ ይሄዳል፤ መተሐራ ሲደርሱም በአንድ ወገን የበሰቃ ሐይቅ፣ በሌላው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ይታያል። በዚያ ሰዓት የመስኮት ወንበር ይያዙ።