የመብራት መስመር ከምሰሶ ወደ መሬት፦ የአዲስ አበባ ጉዳይ

አዲስ አበባ ውስጥ ቀና ሲሉ ዓይን የሚያውከው ገመድ ሁሉ የመብራት አይደለም። በአንድ ምሰሶ ጫፍ ላይ 15 ሺህ ቮልት የሚሸከሙ ሦስት ሽቦዎች አሉ፤ ዝቅ ብሎ ለቤቶች የሚሆነው የ380/220 ቮልት መስመር፣ ከዚያም በታች የስልክና የፋይበር ገመድ ይሰቀላል። የላይኞቹ ሦስቱ ተራርቀውና ተወጥረው ስለሚሄዱ ብዙም አያስጠሉም። ውጥንቅጡን የሚፈጥሩት ከምሰሶ ወደየግቢው የሚሳቡት የቆጣሪ ገመዶችና አገልግሎታቸው አብቅቶ እንደተንጠለጠሉ የቀሩ የስልክ መስመሮች ናቸው። እነሱን ብቻ ማውረድ እንኳ ሰማዩን ግማሽ በግማሽ ይገልጠዋል።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር የነበረውን መስመር መሬት ውስጥ አስገብቷል። አጋጣሚው ጥሩ ነው። ለኬብል ቀበራ ከሚወጣው ገንዘብ ብዙው የሚሄደው ለቁፋሮና አስፋልት መልሶ ለማልበስ ስለሆነ፣ መንገዱ ለሌላ ሥራ በተከፈተበት ጊዜ አብሮ መቅበር ወጪውን ይቀንሳል።

በምሰሶ የሚሄድ መስመር ዋጋው የሚቀንሰው አየር ሁለት ሥራ በነጻ ስለሚሠራለት ነው፦ ሽቦን ከሽቦ ይለያል፣ ሙቀትም ይወስዳል። መሬት ውስጥ ሁለቱም ይገዛሉ። ወፍራም የፕላስቲክ ሽፋን ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ቶሎ ስለማይወጣም ለዚያው ጭነት የበለጠ ወፍራም ሽቦ ይመረጣል። ለማከፋፈያ መስመር በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት የምሰሶውን ወጪ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ነው። የካሊፎርኒያው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ፒጂ ኤንድ ኢ መስመሩን ለመቅበር በማይል 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል፤ እሱን ያስገደደው ግን ውበት ሳይሆን ሰደድ እሳት ነው።

ለ15 ሺህ ቮልት ኬብል ቦዩ ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይጠልቃል። ከሥር 10 ሴንቲ ሜትር የተነፋ አሸዋ ይነጠፋል፤ ኬብሉ ይዘረጋል፤ በላዩ ሌላ 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይደረብና የኮንክሪት ንጣፍ ይከደንበታል። አፈሩ በየደረጃው እየተጠቀጠቀ ይመለሳል፣ ከመዝጋቱ በፊት የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ይዘረጋል። መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ ኬብሉ በቱቦ ያልፋል፤ አንድ ትርፍ ቱቦ ያልቀበረ ሥራ ተቋራጭ አስፋልቱ ዳግም እንዲቆረጥ ፈርዶበታል። 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኬብል ደግሞ ከ1 ሜትር ባነሰ ራዲየስ ከታጠፈ ውስጡ ይጎዳል።

አብዛኛው ብልሽት የሚነሳው ከጆይንት፣ ማለትም ሁለት ኬብል ከሚቀጠልበት ቦታ ነው። አንድ ጥቅል ኬብል ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ስለሚሸፍን መቀጠል ግድ ነው። ቴክኒሻኑ የውጭውን ሽፋን፣ የብረት ጥልፉን፣ የመዳብ ሽፋኑንና ጥቁሩን ንብርብር በየልኩ ይልጣል። ቢላዋው ነጩን ፕላስቲክ በስሱ እንኳ ከቧጨረው፣ እዚያች ጭረት ውስጥ የቀረው አየር በጥቃቅን ብልጭታ ሽፋኑን እየበላ ከወራት በኋላ ያፈነዳዋል። እርጥበትም ያው ነው፤ በክረምት ያለ ድንኳን ጆይንት አይሠራም።

ሌላው ጠላት መረሬ አፈር ነው። ክረምት ላይ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ይህ እንቅስቃሴ ጆይንቱን ይጎትተዋል፤ ስንጥቁ የሚፈጥረው ክፍተትም ሙቀት ያፍናል። መረሬውን አውጥቶ በተመረጠ አፈር መሙላት ይሻላል፣ ወጪውም አብሮ ይጨምራል።

የተቀበረ መስመር በነፋስ፣ በዛፍ ቅርንጫፍና በመኪና ግጭት አይቋረጥም። ሲቋረጥ ግን ያስቸግራል። የተበጠሰ ሽቦ በዓይን ይታያል፤ የተቀበረውን ለማግኘት ከአንዱ ጫፍ የኤሌክትሪክ ምት ተልኮ ርቀቱ ይለካል፣ ከዚያ ኃይለኛ ቮልቴጅ እየተለቀቀበት የፍንዳታው ድምፅ ከመሬት ላይ በማዳመጫ ይፈለጋል። ኬብሉ የሄደበት መስመር በካርታ ካልሰፈረ፣ የውሃ ቧንቧ ሊቀብር የመጣ ኤክስካቫተር ቀድሞ ያገኘዋል።

ትራንስፎርመሩም ከምሰሶ ሲወርድ ቦታ ይፈልጋል፤ ጎርፍ እንዳይገባበት ከፍ ባለ መሠረት ላይ፣ በር ለመክፈቻ ክፍተት ተትቶለት ይቀመጣል። የቀላል ባቡሩ 750 ቮልት ሽቦ ግን ባቡሩ ኃይል የሚወስደው ከላይ ስለሆነ አይቀበርም።

ለውስጥ ለውስጥ ሰፈሮች ሽፋን ያላቸውና አንድ ላይ የተገመዱ ኬብሎችን በምሰሶ መስቀል በቂ ነው፤ አራት ሽቦ ወደ አንድ ገመድ ይወርዳል፣ ቅርንጫፍ ሲነካውም አይቋረጥም። ከኮሪደሩ ወደ ውስጥ በሚታጠፉበት ጥግ ላይ የሚታየው ምሰሶ የሁለቱ ዓለም መገናኛ ነው። ኬብሉ በብረት ቱቦ ከመሬት ወጥቶ ጫፉ ላይ ከሽቦው ጋር ይያያዛል፣ አጠገቡም የመብረቅ መከላከያ ይታሰራል። ያ መከላከያ ከሌለ፣ ሽቦው ላይ የወረደ መብረቅ በቀጥታ ወደተቀበረው ኬብል ይገባል።