ባለ 3 ቻናል ወይስ ባለ 6? ለጀማሪ የሚሆን የሪሞት ሄሊኮፕተር

የሪሞት ሄሊኮፕተር ካርቶን ላይ «ባለ 3 ቻናል»፣ «ባለ 6 ቻናል» ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሲል ማብረሩም የሚቀል ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ቻናል ማለት እናንተ በእጃችሁ የምትቆጣጠሩት የእንቅስቃሴ ዓይነት ነው። ባለ 3 ቻናሉ ይወጣል ይወርዳል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ ያዞራል። በቃ። ባለ 4ቱ ወደ ጎን መሄድን ይጨምራል። ባለ 6ቱ አብዛኛውን ጊዜ ተገልብጦ ሁሉ ይበራል፤ ለጀማሪ እጅ ግን ከባድ ነው።

መረጋጋቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። አናቱን እዩት። አንዱ ካንዱ በላይ የተቀመጡ ሁለት ጥንድ ክንፎች ካሉት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ አንዱ የሌላውን የመጠምዘዝ ኃይል ያጠፋዋል። ሄሊኮፕተሩ በራሱ ዙሪያ አይሽከረከርም፤ የአቅጣጫ ስቲኩን ስትለቁት ቀስ ብሎ ይቃናል። በዚህ ላይ ጋይሮ (መዞሩን የሚለይ ትንሽ መሣሪያ) ካለው፣ አፍንጫው ወዲያና ወዲህ ሲል ቶሎ ይመልሰዋል።

እኔ ብጠየቅ ባለ ሁለት ጥንድ ክንፉን ነው የምመክረው። ግን ቤት ውስጥ አብርሩት። ትንሽ ነፋስ ከነካው ይዞት ይሄዳል።