ከአዲስ አበባ ዳርቻ የሚነሳ የጠጅና የወይን ቅምሻ ጉዞ

ቅዳሜና እሑድን ከከተማ ወጥቶ መጠጡን ከሚመረትበት ቦታ መቅመስ ለሚፈልግ ሰው ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሁለት አቅጣጫ ይከፈትለታል። አንደኛው በቡራዩ በኩል ወደ መናገሻና ሆለታ የሚወስደው የማርና የጠጅ አገር ነው። ሁለተኛው በአቃቂ ወጥቶ በቢሾፍቱና በሞጆ አልፎ ባቱ፣ በቀድሞ ስሙ ዝዋይ፣ የሚደርሰው የወይን እርሻ መንገድ ነው። ሁለቱም መንገዶች ለመሄድ አያስቸግሩም። ጉዞው የሚሳካውም ሆነ የሚበላሸው ቀኑ ሲመረጥ ነው።

በመሃል ደጋ አገር ዋናው ማር የሚቆረጠው ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባና ሌላው አበባ ከፈነዳ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ሁለተኛውና አነስተኛው ቆረጣ ግንቦት አካባቢ ይመጣል። በአዲሱ ማር የተጣለ ጠጅ እስኪደርስ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። በዚህ መሃል ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባና ብዙው ቤት ጋኑን ከድኖ ገናን ይጠብቃል። ስለዚህ ጥሩ ጠጅ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለውን ጊዜ ቢመርጥ ይሻላል። ጥር የጥምቀትና የሠርግ ወር ስለሆነ ጠጁ በየቤቱ ደርሷል፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ጠጅ ጠማቂ ቤት ሄዶ “አቅምሱኝ” ማለት ባለቤቶቹን ማስጨነቅ ነው።

ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አገሪቱ ውስጥ ስለ ንብ ጥናት ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው የንብ ምርምር ማዕከል የሚገኘውም እዚያው ነው። በዙሪያው ባህላዊውን ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቅሉ፣ ዘመናዊውን ሳጥን ግቢያቸው ውስጥ የሚደረድሩ ገበሬዎች አሉ። ቅምሻውን ከማሩ መጀመር ጥሩ ነው፤ ማሩን ያልቀመሰ ሰው ጠጁ ውስጥ ምን እንዳለ ለመለየት ይቸገራል።

ጠጅ ሲጣል አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ይበረዛል። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ብርዙ መፍላት ሲጀምር የተቀቀለ የጌሾ እንጨት ይገባበታል፤ ቅጠሉ በብዛት ለጠላ ነው። ጠጅ ቤት ገብቶ “ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ” ሲባል የሚለየው የመፍላቱ ደረጃ ነው። ማሩ እየተበላ በሄደ ቁጥር ጣፋጭነቱ ቀንሶ አልኮሉ ይጨምራል፤ በአብዛኛው ከ7 እስከ 11 በመቶ ይሆናል። ሦስቱንም በቅደም ተከተል ከለስላሳው ጀምሮ ማስቀዳት የቅምሻው ትክክለኛ መንገድ ነው። የብርሌውን ጠባብ አንገት በጣት ያዙና ከመጠጣት በፊት አፍንጫ ሥር ያድርሱት፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ ስለሆነ የማሩ፣ የጭሱና የጌሾው ሽታ ተጠራቅሞ ይወጣል። የማር ሽታ የሌለው፣ ምላስ ላይ ስኳር ብቻ ጥሎ የሚያልፍ ጠጅ ማሩ በስኳር የተተካ ነው። ይህ መለመዱ ያሳዝናል፤ ማር ሲወደድ መጀመሪያ የሚጎዳው ጠጅ ነውና።

መቅመስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በድሮ ግብዣ ጠጅ አሳላፊው ለእንግዳው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት መዳፉ ላይ አፍስሶ ራሱ ይጠጣ ነበር፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው።

ወደ ደቡብ ሲታጠፉ ነገሩ የፋብሪካ ይሆናል። ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከሞጆ የሚገነጠለው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል። እዚያ የሚገኘው፣ በፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ በካስትል የተመሠረተው የወይን እርሻ ከ100 ሄክታር በላይ ነው። መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉ የወይን ዝርያዎች ይበቅሉበታል፤ ወይኑ ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሪፍት ቫሊና አካሺያ በሚሉ ስሞች ገበያ ላይ ይገኛል። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሯል። አገሩ እንደ አውሮፓ ወይኑን የሚያስተኛ ብርዳም ወቅት ስለሌለው የፍሬውን ጊዜ የሚወስነው የቅርንጫፉ ገረዛና ውኃ አጠጣጡ ነው። ስለዚህ ለቀማ ማየት የሚፈልግ ሰው ወሩን ከድርጅቱ ይጠይቅ። ለጉብኝት ራሱ ቀድሞ ደውሎ ቀጠሮ ማስያዝ ግድ ነው፤ በተለይ እሑድ በር ላይ ቆሞ መመለስ አለ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚሠራው አዋሽ ወይን ጠጅ የጉደር ወይን ባለቤት ነው። የወይኑ ስም ከአምቦ አለፍ ብላ ከምትገኘው ከጉደር ከተማ የመጣ ነው።

ባቱን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል፣ ግን ቅምሻውን ያጣድፈዋል። ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ እርሻውን መጎብኘት፣ ምሳ ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ መብላት፣ ማታ ቢሾፍቱ ማደር ይሻላል። ከመስቀል በኋላ ያለው እሑድ የኢሬቻ ቀን ስለሆነ ግን ያን ሳምንት በቢሾፍቱ አልፋለሁ ብሎ ማቀድ አይመከርም።

ሾፌሩ ከመነሳት በፊት ይወሰን። ወይን ፋብሪካ ውስጥ ቀምሶ መትፋት የተለመደ ሥራ ነው፤ ጠጅ ቤት ግን ነውር ነው። ስለዚህ ለሚነዳው ሰው ያልፈላ ብርዝ ይጠየቅለት።

ወደ ቤት የሚወሰድ ጠጅ መፍላቱን አያቆምም። ጀሪካኑ እስከ አፉ አይሞላ፣ ክዳኑም አይጥበቅ፤ ከፀሐይ ተከልሎ ይቀመጥና መንገድ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ከፈት ተደርጎ ይተንፍስ።