ተከፋፍሎ ገብቶ ተገጣጥሞ የሚወጣ ወረፋ

ሐኪም ለአንድ ታካሚ የደም፣ የሽንትና የሰገራ ምርመራ ሲያዝ ናሙናዎቹ ወደየክፍላቸው ሄደው በየፊናቸው ተራ ይይዛሉ። የደሙ ውጤት ቀድሞ ቢደርስም የቀረው እስኪመጣ መድኃኒት አይታዘዝም። በወረፋ ንድፈ ሐሳብ ይህ ማስተባበር ያለበት ትይዩ ወረፋ ነው፤ ሥራው እንደገባ ወደ ንዑስ ሥራዎች ይከፈላል፣ ሁሉም ሲያልቁ ተገጣጥሞ ይወጣል። በበርካታ ዲስኮች ላይ ተበትኖ የተቀመጠ ፋይል የሚነበበውም፣ ትልቅ ስሌት በብዙ ኮምፒውተሮች የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

የተራው ወረፋ ሒሳብ የቆየ ነው፤ ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ስለ ስልክ ጥሪዎች የመጀመሪያ ጽሑፉን ያወጣው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ግን ነገሩ ይከብዳል። ወረፋዎቹ ሁሉ ሥራ የሚደርሳቸው በአንድ ቅጽበት ስለሆነ አንዱ ሲጨናነቅ ሌላውም የመጨናነቅ ዝንባሌ አለው፤ የእያንዳንዱን ዕድል ለብቻው አስልቶ ማባዛት አያዋጣም። ሥራ በዘፈቀደ የሚመጣበትና የአገልግሎት ጊዜው ኤክስፖኔንሻል (ብዙው አጭር፣ ጥቂቱ በጣም ረጅም) የሆነበት ቀላሉ ሞዴል እንኳ ትክክለኛ ቀመር ያለው ለሁለት ወረፋ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ፍላቶና ሃን በ1984 መንገዱን ጠረጉ፤ ኔልሰንና ታንታዊ በ1988 ለሁለት ወረፋ የአማካይ ጊዜ ቀመር፣ እስከ 32 ለሚደርሱት ደግሞ ግምታዊ ቀመር አቀረቡ። ከዚያ ወዲያ ያለው የላይና የታች ወሰን ማበጀት ወይም በኮምፒውተር ማስመሰል ነው።

በዚሁ ቀላል ሞዴል በቁጥር እንየው። አንድ ሰርቨር (ሥራ ተቀብሎ የሚያስተናግድ ማሽን) በሰከንድ በአማካይ 10 ሥራ የመጨረስ አቅም ኖሮት 5 ይምጣበት እንበል። ሥራው ገብቶ እስኪወጣ በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። እያንዳንዱ ሥራ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ንዑስ ሥራ ለሁለት ሰርቨሮች ቢልክ 287.5፣ ለአሥር ቢልክ 512 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። የአንዱም ሰርቨር ጫና አልጨመረም፤ ሁሉም ግማሽ ጊዜያቸውን ሥራ ፈት ናቸው። ይህም ደህናው ነው። አሥሩ ሰርቨሮች የመጀመሪያው ሥራ ሙሉ በሙሉ ሳይጠናቀቅ ቀጣዩን እንዳይነኩ ከተከለከሉ፣ በሰከንድ የሚያስተናግዱት 3.4 ሥራ ያህል ብቻ ይሆንና ያው 5 ሥራ ወረፋውን ያለ ገደብ ያስረዝመዋል። ስለዚህ ንድፍ ሲወጣ ከሰርቨሮቹ ብዛት በፊት መጠየቅ ያለበት መጠባበቁ የት ላይ ይሁን የሚለው ይመስለኛል።

አማካዩም ብዙ ይደብቃል። አንድ ሰርቨር ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ቢዘገይ፣ 100 ሰርቨር የሚነካ ጥያቄ አንዱ ዘንድ የመዘግየት ዕድሉ 63 በመቶ ነው። ትልቅ ስሌትን ለብዙ ማሽኖች የሚያከፋፍለው የጉግል ማፕሪዲውስ ሥርዓት መድኃኒቱ ሥራው ሊያልቅ ሲል የቀሩትን ንዑስ ሥራዎች በሌላ ማሽን ላይ ደግሞ ማስጀመርና ቀድሞ ያለቀውን መቀበል ነበር፤ በ2004 በወጣው ጽሑፍ መሠረት ይህ ሲቀር አንድ የመደርደር ሥራ 44 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ወስዷል። ዘዴው የሚያዋጣው ግን ሰርቨሮቹ ትርፍ ጊዜ ሲኖራቸው ነው፤ ጫናው ወደ ሙሉ አቅም ሲጠጋ ቅጂዎቹ ራሳቸው ወረፋውን ያስረዝማሉ።